«ኖት» እስከ የት ይደርሳል?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዋሽንግተን አቅራቢያ ባለ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ለአገሬ ሰዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በሥራ ቀናት ደግሞ በየሆስፒታሉና በየፍርድ ቤቱ እየዞርኩ አስተረጉማለሁ። ተማሪዎቼ ታክሲ የሚነዱ፣ አረጋውያን የሚንከባከቡ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ አገር ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ስለሆኑ ቃላት አያጥራቸውም። ያለፈውንና የሚመጣውን ጊዜ ለይተው ይናገራሉ። አሉታ ላይ፣ ማለትም አንድን ነገር «አይደለም» ብሎ መካድ ላይ ሲደርሱ ግን ብዕራቸው ይደናቀፋል።

ደብተራቸው ላይ አዘውትሬ የማገኘው ዐረፍተ ነገር ይህን ይመስላል፦ «ሂ ናይዘር ዳዝንት ስሞክ ኖር ዳዝንት ድሪንክ።» ሊሉ የፈለጉት «አያጨስም፣ አይጠጣምም» ነው። ትክክለኛው እንግሊዝኛ «ሂ ናይዘር ስሞክስ ኖር ድሪንክስ» ነው። ይህን ሳርምላቸው አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል። «ስሞክስ» ማለት እኮ «ያጨሳል» ማለት ነው፤ «ያጨሳል፣ ይጠጣል» ተብሎ ተጽፎ እንዴት አድርጎ ነው ሰውየው የማያጨስና የማይጠጣ የሚሆነው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል። «ሕጉ እንዲህ ነው» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም።

እኛ ስንማር የተሰጠን መልስ ግን ይኸው ነበር። ጥንዶቹ በሰንጠረዥ ተደርድረው ይመጣሉ፤ «አይዘር» ከ«ኦር»፣ «ናይዘር» ከ«ኖር»፣ «ኖት ኦንሊ» ከ«በት ኦልሶ»። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ እንሸመድድና ፈተናው ላይ ባዶውን ቦታ እንሞላለን። ከብዙ ምዕራፍ በኋላ ደግሞ የትይዩ አወቃቀር ትምህርት ይመጣል፤ «ፓራለል ስትራክቸር» የሚባለው። እሱን የአጻጻፍ ውበት አድርገን ነው የተቀበልነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ለጆሮ እንዲጥም የሚደረግ ማሳመሪያ። ዛሬ በሙሉ ልቤ የማምነው ሁለቱ አንድ ትምህርት መሆናቸውን ነው። በእንግሊዝኛ አሉታ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ከሱ ወዲያ ያለውን ይገዛል። እስከ የት ድረስ እንደሚገዛ ለአንባቢው የሚነግረው ደግሞ ትይዩነቱ ነው። ትይዩነቱ የአሉታው አጥር ነው። አጥሩ ሲፈርስ የሚጎድለው ውበት ብቻ አይደለም፤ የተካደው ነገር የቱ እንደሆነ ራሱ ይጠፋል።

እኛ ዘንድ አሉታ የሚኖረው ግሱ ውስጥ ነው። «አል» ወይም «አይ» ከፊት፣ «ም» ከኋላ ይገባና ግሱ ይዘጋል፦ አልበላም፣ አይመጣም። ሦስት ነገር ከካድን ሦስቱንም ግሶች ለየብቻ እንዘጋቸዋለን። የማቴዎስ ወንጌል ስለ ሰማይ ወፎች «አይዘሩም አያጭዱምም በጎተራም አይከቱም» ይላል። እያንዳንዱ ግስ የራሱን አሉታ ተሸክሟል። አንዱን ከጎረቤቱ ነጥለን ብናነበው እንኳን ትርጉሙ አይዛባም፤ «በጎተራም አይከቱም» ብቻውን ሙሉ ነው። «ማንም»፣ «ምንም»፣ «የትም» የሚሉትም ቃላት የግሱን አሉታ ያጠነክሩታል እንጂ አይተኩትም። «ማንም አልመጣም» እንላለን፤ «ማንም መጣ» ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ «ኖቦዲ ዲድንት ካም» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሰንፎ አይደለም። የገዛ ቋንቋውን ሕግ በታማኝነት ጠብቆ ነው።

እንግሊዝኛም ቢሆን ድሮ ከእኛ ብዙ አይርቅም ነበር። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ባለቅኔ ቾሰር፣ አንድ ጦረኛ በሕይወቱ ለማንም ክፉ ቃል ተናግሮ እንደማያውቅ ሲገልጽ በሁለት ስንኝ ውስጥ አራት አሉታ ደርድሯል። አንዱ ሌላውን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ዛሬም በብዙ የእንግሊዝኛ ዘዬዎች፣ የጥቁር አሜሪካውያንን አነጋገር ጨምሮ፣ ይህ ልማድ ሕያው ነው። ተማሪዎቼ አውቶቡስ ላይ የሚሰሙትን እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ስህተት ነው ስላቸው ግራ እንዳይገባቸው ይህን ታሪክ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። የተሰበረ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር እየሰሙ አይደለም፤ የጽሑፉ እንግሊዝኛ የተወውን መንገድ ያልተወ አነጋገር ነው የሚሰሙት።

የጽሑፉ እንግሊዝኛ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሡ የሰዋስው ጸሐፊዎችም ያንን መንገድ ደንብ አድርገው አጸኑት። ከነሱ መካከል ስሙ የሚነሣው ሮበርት ሎውዝ ነው፤ ኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው። እ.ኤ.አ. ከ1762 ጀምሮ ደጋግሞ በታተመው የሰዋስው መጽሐፉ ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ ሁለት አሉታዎች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ ወይም ከአዎንታ ጋር እኩል ይሆናሉ የሚል ደንብ ይገኛል። ብዙ የቋንቋ ሰዎች ሎውዝን በዚህ ምክንያት አይወዱትም፤ የሕዝቡን አነጋገር በሒሳብ ሕግ አሰረው ይሉታል። እኔ ግን ስለሱ ሳስብ የሚደንቀኝ ሌላው ሥራው ነው። ሎውዝ ሰዋስው ከመጻፉ በፊት በኦክስፎርድ የቅኔ ፕሮፌሰር ነበር። ስለ ዕብራውያን ቅዱስ ቅኔ በላቲን የሰጣቸው ትምህርቶች በ1753 ታተሙ። የመዝሙረ ዳዊት ስንኞች ቤት ባይመቱም በሐሳብ እንደሚመላለሱ፣ በመጀመሪያው መስመር የተባለው በሁለተኛው በተመሳሳይ ልክና አቋም እንደሚመለስ ያሳየበት ሥራ ነው። ለዚህ መመላለስ ትይዩነት የሚለውን ስም የሰጠው እሱ ነው። የሁለት አሉታን ደንብ በመጽሐፉ ያኖረውም፣ የትይዩነትን ስም ያወጣውም ያው አንድ ሰው መሆኑን ያወቅሁ ዕለት፣ ሁለቱን ምዕራፎች ለያይቼ ማስተማር ተውኩ።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን የምጀምረው በመዝሙር አንድ ነው። ከተማሪዎቼ ውስጥ የቄስ ትምህርት ያየ አይጠፋም፤ ከሌለም እናቱ ዳዊት ስትደግም የሰማ አለ። ግእዙ «ዘኢሖረ»፣ «ወዘኢቆመ»፣ «ወዘኢነበረ» ይላል። «ኢ» ሦስት ጊዜ ገብታለች። አማርኛው «በክፉዎች ምክር ያልሄደ፥ በኃጢአተኞችም መንገድ ያልቆመ፥ በዋዘኞችም ወንበር ያልተቀመጠ» ይላል። እዚህም አሉታው ሦስት ጊዜ ነው፤ ያልሄደ፣ ያልቆመ፣ ያልተቀመጠ። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ደግሞ «ዎኬዝ ኖት» ብሎ ይጀምርና «ኖር ስታንዴዝ»፣ «ኖር ሲቴዝ» እያለ ይቀጥላል። ሦስቱንም ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን እጽፋቸዋለሁ።

ከዚያ ከአማርኛው ላይ «ም»ን እና ነጠላ ሰረዙን አጠፋለሁ። ያልሄደ፣ ያልቆመ፣ ያልተቀመጠ፤ ምስጉኑ ሰው አሁንም ንጹሕ ነው። ወደ እንግሊዝኛው እሄድና «ኖር» የሚለውን ከሁለቱም ቦታ አጠፋለሁ። «ስታንዴዝ» እና «ሲቴዝ» ብቻቸውን ይቀራሉ። አሁን ምስጉኑ ሰው በኃጢአተኞች መንገድ ቆሟል፣ በዋዘኞችም ወንበር ተቀምጧል። ክፍሉ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሰው «እንዴ!» ይላል። «ኖር» ማለት «ኖት» እስከዚህ ድረስ ደርሷል የሚል ምልክት መሆኑን ከዚያ በኋላ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከ«ኖር» ቀጥሎ የሚመጣው ግስ አዎንታዊ ሆኖ የሚጻፈው አሉታው በ«ኖር» በኩል ስለደረሰው ነው። «ዳዝንት» ጨምረን ሁለተኛ ጊዜ ብንክደው ክህደቱን መልሰን እንክደዋለን።

መዝሙሩ ሌላም ነገር ያሳያል። ሦስቱ መስመሮች በአቋም አንድ ናቸው። ግስ፣ ከዚያ «ኢን ዘ»፣ ከዚያ ስም፣ ከዚያ የማን እንደሆነ። በምክር፣ በመንገድ፣ በወንበር። የክፉዎች፣ የኃጢአተኞች፣ የዋዘኞች። የአንባቢው ጆሮ የመጀመሪያውን ልክ ይዞ ሁለተኛውን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው በዚያው ልክ ሲመጣ አሉታውም አብሮ እንደመጣ ያውቃል። ለትይዩነት የእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያለ ሰው ስምን ከስም፣ «ከ»ን ከ«ከ» አስተካክሎ መደርደርን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። በእንግሊዝኛ የሚጨመረው ሥራ፣ ይህ ድርድር አሉታን የመሸከም ግዴታ ያለበት መሆኑ ነው።

ደንቡን በአጭሩ ለማለት፣ ከ«ናይዘር» ቀጥሎ የመጣው የቃል ዓይነት ከ«ኖር»ም ቀጥሎ መምጣት አለበት። «አይ ናይዘር ስፒክ ፍሬንች ኖር አረቢክ» የሚለው የሚያነክሰው ከ«ናይዘር» በኋላ ግስ፣ ከ«ኖር» በኋላ ደግሞ ስም ስለመጣ ነው። ሁለት መውጫ አለው። «ናይዘር»ን ከግሱ አሳልፎ «አይ ስፒክ ናይዘር ፍሬንች ኖር አረቢክ» ማለት አንዱ ነው፤ ሁለቱም በኩል የቋንቋ ስም ሆነ። ወይም ሁለተኛ ግስ አምጥቶ «አይ ናይዘር ስፒክ ፍሬንች ኖር ሪድ አረቢክ» ማለት ነው፤ ፈረንሳይኛ አልናገርም፣ ዐረብኛም አላነብም። «ኖት ኦንሊ» እና «በት ኦልሶ»ም በዚሁ ይመራሉ። ተማሪዎቼ ሁለቱን መስተጻምሮች እንዲያከብቡ፣ ከያንዳንዳቸው ቀጥሎ ያለውን ቃል ብቻ እንዲያሰምሩ አደርጋለሁ። ከሥሩ ግስ፣ ስም ወይም መስተዋድድ ብለው ይጽፋሉ። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ዐረፍተ ነገሩ ይመለሳል።

«ናይዘር» ባለበት ባለቤቱ ሁለት ሲሆን ግሱ የሚስማማው ቅርቡ ከቆመው ጋር ነው። «ናይዘር ዘ ቴናንትስ ኖር ዘ ላንድሎርድ ሃዝ ሳይንድ» ይባላል፤ ባለቤቶቹ ቦታ ከተለዋወጡ ደግሞ «ሃቭ» ይሆናል። በአማርኛ «ተከራዮቹም አከራዩም አልፈረሙም» ብለን ሁለቱንም በብዙ ቁጥር ስለምናጠቃልል ይህ አይታየንም። ልምምድ ይፈታዋል።

የበለጠ የሚያደናግረው «ኖር» ሁለት ሙሉ ዐረፍተ ነገሮችን ሲያያይዝ ነው። «አይ ዲድ ኖት ሳይን ዘ ሌተር፣ ኖር ዲድ አይ ሪድ ኢት»፤ ደብዳቤውን አልፈረምኩም፣ አላነበብኩትምም። «ዲድ አይ» የሚለው የጥያቄ አቀማመጥ ነው፤ ስለዚህ የማያውቅ አንባቢ «አንብቤው ነበር እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስለዋል። አሉታ ወደ ዐረፍተ ነገሩ ግንባር ሲወጣ ረዳት ግሱ ባለቤቱን ቀድሞ ይቆማል፤ «ኖት ኦንሊ ዳዝ ሺ…»፣ «ኔቨር ሃቭ አይ…» እያለ። ለዜግነት ፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎቼ ይህን አቀማመጥ ከአሜሪካ ሕገ መንግሥት ራሱ ያገኙታል፤ በ1791 የጸደቀው አምስተኛው ማሻሻያ «ኖር ሻል» እያለ ክልከላውን ይቀጥላል።

ሕገ መንግሥቱን ካነሣሁ፣ ስምንተኛውን ማሻሻያ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በአማርኛ ብንለው እንዲህ ነው፦ ከመጠን ያለፈ ዋስትና አይጠየቅም፤ ከመጠን ያለፈ መቀጫም አይጣልም፤ ጨካኝና ያልተለመደ ቅጣትም አይፈጸምም። ሦስት የተዘጉ ግሶች ናቸው። እንግሊዝኛው ግን «ሻል ኖት ቢ ሪኳየርድ» ካለ በኋላ «ሻል»ንም «ቢ»ንም አይደግምም። «ኖር» ብሎ «ኢምፖዝድ»፣ «ኖር» ብሎ «ኢንፍሊክትድ» ይላል፤ አበቃ። የቀሩት ቃላት ሳይጻፉ የሚሰሙት ሦስቱ ግሶች በአንድ ልክ ስለተሠሩ ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር ለኔ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ሁሉ ከሚያምሩት አንዱ ነው። ማማሩም ጌጥ ስላለው አይደለም፤ አንድ ቃል ቢነሣለት አንድ የእስረኛ መብት አብሮ ይነሣል።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ ልሂድ፤ እዚያ ያየሁት ነገር ነው ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ።

ከቀዶ ሕክምና በፊት ለታካሚ የሚሰጥ አንድ ወረቀት ነበር፤ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ። እንግሊዝኛው «ዱ ኖት ኢት ኦር ድሪንክ አፍተር ሚድናይት» ይላል። አማርኛው «ከእኩለ ሌሊት በኋላ አይብሉ ወይም አይጠጡ» ይላል። በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው በጥንቃቄ አነበቡትና «ልጄ፣ የቱን ልተው?» አሉኝ። «እማማ፣ ሁለቱንም ነው» አልኳቸው። «ታዲያ ‹ወይም› ይላል እኮ» አሉ። ትክክል ነበሩ። ወረቀቱ የሚለው ወይ መብላቱን ይተዉ፣ ወይ መጠጣቱን ይተዉ ነው። ሆዳቸው ባዶ ሳይሆን ማደንዘዣ ቢወስዱ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ክልከላው የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ወረቀቱን የተረጎመው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እያንዳንዱን ቃል ግን በትክክል ተርጉሟል። «ኖት»ን «አይ» ብሏል፣ «ኦር»ን «ወይም» ብሏል። የተሳሳተው አጥሩን ነው።

በእንግሊዝኛው «ኖት» ከውጭ አንድ ጊዜ ቆሞ «መብላት ወይም መጠጣት» የሚለውን በሙሉ ይገዛል። ከሁለቱ አንዱም አይፈቀድም ማለት ነው። አማርኛው አሉታውን በየግሱ ውስጥ ስላስገባው «ወይም» ከአሉታው ውጭ ወጣ፤ ሁለት ክልከላዎች መካከል ምርጫ ሆነ። በጤነኛ አማርኛ «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብም ውሃም አይቅመሱ» ቢባል፣ ወይም «አይብሉ፣ አይጠጡም» ቢባል ማንም አይጠይቅም። ያቺ ትንሽ «ም» የ«ኖር»ን ሥራ ሁሉ ትሠራለች።

«ወይም» ሁልጊዜ ጥፋተኛ ናት ማለቴ ግን አይደለም። የገላትያ መልእክት በአማርኛ «አይሁዳዊ ወይም የግሪክ ሰው የለም፥ ባሪያ ወይም ጨዋ ሰው የለም፥ ወንድም ሴትም የለም» ይላል። በአንድ ቁጥር ውስጥ ሁለቱም አካሄድ አለ። «አይሁዳዊ ወይም የግሪክ ሰው» ስሞች ናቸው፤ ከነሱ በኋላ አንድ «የለም» ብቻ መጥቶ ሁለቱንም ይጠቀልላቸዋል። አሉታው አንድ ስለሆነ «ወይም» ከሱ ሥር ትገባለች፤ ልክ እንደ እንግሊዝኛው «ኦር»። አደጋው የሚመጣው የተዘጉ ሁለት ግሶችን በ«ወይም» ስናያይዝ ነው። የመድኃኒት ወረቀት፣ የኪራይ ውል፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ የሚተረጉሙ ወገኖቼ ከሁሉ በፊት ይህችን አንዷን እንዲጠነቀቁልኝ እለምናለሁ።

ይህ የእንግዳ ቋንቋ ተናጋሪዎች ችግር ብቻ ይመስል ይሆናል። አይደለም። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት የሕግ ሰዎች በዚሁ ጉዳይ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። በ2018 የወጣ አንድ የፌዴራል ሕግ፣ በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ከአስገዳጁ ዝቅተኛ ቅጣት ነፃ እንዲሆን ማሟላት ያለበትን ሲዘረዝር፣ ተከሳሹ «ዳዝ ኖት ሃቭ» ብሎ ይጀምርና ስለ ቀድሞ ወንጀሎቹ ሦስት ነገሮችን ይደረድራል፤ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው መካከል «አንድ» የሚል የእንግሊዝኛ መስተጻምር፣ የእኛው «እና»፣ አለ። እንግዲህ «ኖት» እያንዳንዱን ለየብቻ ነው የሚክደው ወይስ ሦስቱን በአንድነት? ለየብቻ ከሆነ ከሦስቱ አንዱ እንኳን ያለበት ሰው ዕድሉን ያጣል። በአንድነት ከሆነ ሦስቱም የተሟሉበት ሰው ብቻ ነው የሚያጣው። ከአይዋ የመጣ አንድ ተከሳሽ ሁለቱ ነበሩበት፤ ሦስተኛው አልነበረበትም። የብዙ ዓመት እስራት በዚህ ንባብ ላይ ተንጠለጠለ።

በማርች 2024 ፍርድ ቤቱ ስድስት ለሦስት ወሰነ። ዳኛ ኤሌና ኬገን የጻፉት የብዙኃኑ ውሳኔ፣ በሰዋስው ብቻ ሁለቱም ንባብ ይቻላል አለ፤ ከዚያ የሕጉን ዐውድ አይቶ «ለየብቻ» የሚለውን ያዘ። አንዱ ምክንያት ሒሳብ ነው። ለቀድሞ ወንጀሎች ነጥብ ይቆጠራል፤ ከተዘረዘሩት ሁለተኛው ባለ ሦስት ነጥብ፣ ሦስተኛው ባለ ሁለት ነጥብ ወንጀል ስለሆነ፣ ሁለቱ ያሉበት ሰው በድምሩ አምስት የወንጀል ነጥብ ይኖረዋል፤ የመጀመሪያው ደግሞ ከአራት በላይ ነጥብ ስለሚል፣ በአንድነት ከተነበበ የመጀመሪያው ምንም ሥራ አይኖረውም። ዳኛ ኒል ጎርሰች ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር አጥብቀው ተቃወሙ፤ «አንድ» ማለት «አንድ» ነው በሚለው ጸኑ። ሁለቱንም ወገን አንብቤ ለረጅም ጊዜ አሰብኩበት። የእኔ ልብ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነው፤ በሁለት መንገድ የሚነበብ የወንጀል ሕግ ሸክሙ በተከሳሹ ላይ መውደቅ የለበትም። የቋንቋውን ጉዳይ በተመለከተ ግን ሁለቱም ንባብ በርግጥ አለ። «አይ አም ኖት ፍሪ ሳተርዴይ አንድ ሰንዴይ»፣ ቅዳሜና እሑድ ነፃ አይደለሁም፣ ያለ ሰው ሁለቱንም ቀን ማለቱ ነው። «ዶንት ድሪንክ አንድ ድራይቭ» ያለ ሰው ግን ሁለቱን አብረህ አታድርግ ማለቱ ነው። ቃሉ አንድ ነው፣ አሉታው አንድ ነው፤ የሚደርሰው ግን የተለያየ ቦታ ነው። አማርኛ ይህን በቦዝ አንቀጽ ይለየዋል፦ «ጠጥተህ አትንዳ»። ሌላ ትርጉም አይገባውም።

ትይዩነትም የራሱ የፍርድ ቤት ታሪክ አለው። በሜይን ግዛት የአንድ የወተት ድርጅት ሾፌሮች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጠየቁ። የግዛቱ ሕግ ክፍያው የማይመለከታቸውን ሥራዎች ሲዘረዝር «ካኒንግ፣ ፕሮሰሲንግ፣ ፕሪዘርቪንግ፣ ፍሪዚንግ፣ ድራዪንግ፣ ማርኬቲንግ፣ ስቶሪንግ፣ ፓኪንግ ፎር ሺፕመንት ኦር ዲስትሪቢዩሽን» ይላል። ማከፋፈል ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ነው የተቆጠረው፣ ወይስ ለማጓጓዝ ወይም ለማከፋፈል ማሸግ ማለት ነው? ሾፌሮቹ የሚያከፋፍሉ እንጂ የሚያሽጉ አይደሉም። በ2017 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለሾፌሮቹ ሲፈርድ ጋዜጦቹ ሁሉ የጻፉት ከ«ኦር» በፊት ስለጎደለችው ነጠላ ሰረዝ ነው። የሾፌሮቹ ጠበቆች ያነሡት ሌላው ክርክር ግን እኔ ክፍል ውስጥ የማስተምረው ነው። በዝርዝሩ የተቆጠሩት ሥራዎች ሁሉ በ«ኢንግ» ያልቃሉ፤ «ዲስትሪቢዩሽን» ግን በ«ኢንግ» አያልቅም። አቋሙ ከ«ሺፕመንት» ጋር ነው የሚገጥመው፤ ስለዚህ የ«ፓኪንግ» ጥገኛ ነው። ፍርድ ቤቱ ሕጉ አሻሚ ነው ካለ በኋላ አሻሚነቱን ለሠራተኞቹ አደላው። በ2018 ጉዳዩ በ5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። የግዛቱ ምክር ቤትም ሕጉን ሲያስተካክል ነጠላ ሰረዞቹን መቀየር ብቻ አልበቃውም፤ «ዲስትሪቢዩሽን»ን «ዲስትሪቢዩቲንግ» አደረገው። ይህን የሚያውቅ ሰው ትይዩ አወቃቀርን ማሳመሪያ ነው ብሎ አያልፈውም።

ስለ «እንጂ» ሳልናገር ብቀር ደስ አይለኝም። «ሰው ከእግዚአብሔር አፍ በሚወጣ ቃል ሁሉ እንጂ በእንጀራ ብቻ አይኖርም» የሚለውን ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። አዎንታው ይቀድማል፤ «እንጂ» መሐል ይቆማል፤ አሉታው መጨረሻ ላይ ይመጣል። እንግሊዝኛው በተቃራኒው «ኖት» ብሎ እንጀራውን ይክድና «በት» ብሎ ቃሉን ያስከትላል፤ ከሁለቱም ፊት «ባይ» የሚለውን መስተዋድድ ይደግማል። ተማሪዎቼ «ቡና እንጂ ሻይ አልጠጣም» የሚለውን ሲተረጉሙ በአማርኛው ቅደም ተከተል ይሄዱና «አይ ድሪንክ ኮፊ በት ኖት ቲ» ይላሉ። ስህተት አይደለም፤ ጉልበቱ ግን ወደ ሻይ ሄዷል። «አይ ድሪንክ ኖት ቲ በት ኮፊ» ስላቸው ዐረፍተ ነገሩ የተገለበጠ ይመስላቸዋል፤ በርግጥም ተገልብጧል።

ይህ የቅደም ተከተል ጉዳይ በክፍል ውስጥ ልምምድ ነው፤ በምስክር ፊት ግን ሌላ ነው። የሮሜ መልእክት በእንግሊዝኛ «ናይዘር ዴዝ» ብሎ ይጀምርና ዘጠኝ ጊዜ «ኖር» ይላል፤ አድማጩ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ምንም ሊለየን እንደማይችል ያውቃል። በአማርኛ «ሞት ቢሆን፥ ሕይወትም ቢሆን፥ መላእክትም ቢሆኑ» እያልን አሥሩን ሁሉ ደርድረን፣ አሉታው የሚመጣው በመጨረሻ «ሊለየን እንዳይችል» ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ክፍት ነው። ምስክርም እንደዚሁ ነው የሚናገረው፦ «እሱም፣ ታላቅ ወንድሙም፣ ያ አብሯቸው የሚሠራው ልጅም፣ የዚያን ዕለት ማታ እኔ ቤት…» ይልና ትንፋሽ ይወስዳል። ቀጥሎ «ነበሩ» ሊል ይችላል፤ «አልነበሩም» ሊልም ይችላል። እንግሊዝኛው ግን የመጀመሪያውን ቃል አሁኑኑ ከኔ ይፈልጋል፤ «ሂ» ልበል ወይስ «ናይዘር ሂ»?

ጠበቃው በዓይኑ ቢያስቸኩለኝም አልጀምርም። ስሞቹን በቅደም ተከተል ወረቀቴ ላይ እጽፋለሁ፤ ከፊታቸው ለአንድ ቃል የሚበቃ ቦታ እተዋለሁ። ያንን ቦታ የምሞላው ምስክሩ ግሱን ጨርሶ ሲዘጋ ነው።